«መሬት የለሽም» ያሉኝ ሰው

በየከተማው ዘፈን የማይሰማ አንድ ሰው አለ። ጆሮው ደህና ነው፤ እንዲያውም ከሁላችንም ይበልጣል። ሬዲዮ ሲከፈት ሌላው ዘፋኙን ይሰማል፣ እሱ ከዘፋኙ ሥር የተደበቀውን «እምምም» ይሰማል። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡና እልልታው ሲቀልጥ፣ እሱ አንገቱን ወደ ስፒከሩ አዘንብሎ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ስብሰባ ላይ ተናጋሪው ማይክሮፎን ሲያነሳ እሱም ከወንበሩ ይነሳል። በእናንተም ሰፈር ይህ ሰው አለ። የሶዶው ጋሽ ብሩ ይባላሉ።

መዝገብ ጠባቂ ነኝና ማዕረግ መዝለል አልወድም፤ ሙሉውን ልጻፈው። ክቡር ጋሽ ብሩ፣ የሬዲዮ፣ የቴፕ፣ የቴሌቪዥንና የማናቸውም ድምፅ አውጪ ዕቃ ሐኪም፣ የገመድ ዳኛ፣ በወላይታ ዞንና በአካባቢው የእምምታ ቀንደኛ ጠላት። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ ልብስ ይሰፉ ነበር። ልጅየው ከክር ወደ ሽቦ ተሻገሩ። ሱቃቸው ሁለት ደንበኛ አብሮ ከገባ አንደኛው ትንፋሹን መያዝ ያለበት ዓይነት ሱቅ ነው።

ሃላሌ ላይ ሠርግ ተጠርተው፣ አምፕሊፋየሩ ከፍሪጁ አጠገብ ካልተነሳ እህል አልቀምስም ብለው የሙሽራውን አባት አስለምነዋል። ቢጠና ላይ አንድ አዳራሽ ሲመረቅ፣ የክብር እንግዳው ንግግር መሐል ላይ ተነስተው ወደ መድረኩ ሄዱ። እንግዳው አበባ የሚያበረክቱላቸው መስሏቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ብሩ በእጆቹ ሥር አጎንብሰው ገመድ ነቀሉ፣ ሌላ ቦታ ሰኩ፣ «አሁን ይቀጥሉ» ብለው ተመለሱ። እንግዳው ከየት እንደሚቀጥሉ ጠፍቷቸው እንደገና ከሰላምታው ጀመሩ ይባላል። መብራት ሲጠፋ ሌላው ሕዝብ ያማርራል፤ ጋሽ ብሩ ግን ወንበራቸውን ወደ በረንዳ አውጥተው፣ የዳሞታን ተራራ እያዩ፣ ከተማው በሙሉ በመጨረሻ ተጠግኖ እንደተመለሰላቸው ሆነው ይቀመጣሉ።

እኔ ያወቅኋቸው በክፉ ቀን ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አባቴ፣ አቶ ሶርሳ፣ ሲያርፍ፣ ድንኳን ውስጥ ሰባኪው በስፒከር ያጽናናናል። አንድ ሽበታም ሰው በለቀስተኛው ጉልበት መሐል እየተሹለከለኩ አጠገቤ ደረሱና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «አይዞሽ» የሚሉኝ መሰለኝ።

«ይጮሃል» አሉኝ።

አጠገቤ ወንድሜ እስራኤል እየተንሰቀሰቀ ነበር። «ይጩህ! አባቱ ነው የሞተው» አልኳቸው።

«እሱማ ይጩህ። ስፒከሩን ነው የምልሽ።»

ከዚያ አግዳሚው ሥር ገቡ። ጫማቸው ብቻ ነበር የሚታየው። ትንሽ ቆይቶ እምምታው ቆመ፤ ሲቆም ነው እምምታ እንደነበረ ያወቅነው። ድንኳኑ ውስጥ የሰው ልቅሶ ብቻ ቀረ፣ ጥርት ብሎ። ያን ቀን ጠላኋቸው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የምሠራው የመሬት ይዞታ መዝገብ ክፍል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም ይህንኑ፣ ሰነድ መያዝን ነው። ወንድሜ «የአባባን ዕቃ እናንሳ» ሲለኝ «መጀመሪያ ይመዝገብ» አልኩት። ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ ሸክላ ማጫወቻው፣ ሠላሳ ሁለት ላይ አንዲት ትንሽ ሸክላ ወጣች። በ1965 ዓ.ም.፣ አባቴ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከስምንት ጓደኞቹ ጋር በወላይትኛ የዘመረባት ናት። ሽፋኗ ላይ የአንድም ሰው ስም የለም፤ ይህን ግዴለሽነት እስካሁን ይቅር አላልኩም። አባቴ ግን «መሐል ላይ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ አንድ መስመር ለብቻዬ አለችኝ» ይለን ነበር። የማጫወቻውን ገመድ አይጥ ከበላው ዘመናት አልፈዋል፣ ስለዚህ ያችን መስመር ሰምተናት አናውቅም። አባቴ ደግሞ ስልክ ሲደቀንበት ዝም የሚል ሰው ነበር። አንድ የተቀረጸ ቃል የለንም። ድምፁ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው በዚያች መስመር ብቻ ነው።

አዲስ ገመድ ገዛሁ። ማጫወቻውን ከአምፕሊፋየር፣ አምፕሊፋየሩን ከሁለት ስፒከሮች አገናኘሁ። መርፌዋን አስቀመጥኩ። መዘምራኑ ከሩቅ፣ ከእምምታ ማዶ መጡ። ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ፤ አባቴ የሚዘምርበት ቦታ ደረሰ። እምምም። ሌላ ነገር የለም። አባቴ ወፍራም ድምፅ ነበረው፣ እምምታውም ወፍራም ነው፣ ልክ በላዩ ላይ ተቀምጦበታል። እናቴ አልጋነሽ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ጠበቀች፣ ከዚያ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱ ቂሜን ይዤ ጋሽ ብሩ ሱቅ ሄድኩ።

«ምን ይላል?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«እምምም ይላል።»

«እምምም ነው ወይስ ዝዝዝ?»

«ልዩነት አለው?»

«ልዩነት አለው ወይ ትለኛለች!» አሉ ለግድግዳው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዝዝዝ ከሆነ ገመዱ ነው። እምምም ከሆነ መሬቱ ነው። ሁለቱንም የሚል ከሆነ ገመዱን የሸጠልሽን ሰው ስም ንገሪኝ።»

ገመዱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። በገበያው ውስጥ ካሉት ሁሉ ያማረውን ነበር የመረጥኩት፦ የጣት ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ወርቅ የመሰለ። ጋሽ ብሩ በመዳፋቸው መዘኑት፣ ሳይጠይቁኝም በምላጭ ለሁለት ሰነጠቁት። ጎማ፣ ከጎማው ሥር ሌላ ጎማ፣ ከዚያ ሥር ከፀጉር የቀጠኑ አራት አምስት ሽቦዎች።

«ይሄ ካፖርት ነው» አሉኝ። «ሰውየው አልመጣም፣ ካፖርቱን ነው የላከው።»

ንዴቴ ሳይወጣልኝ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ያልገባኝን ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አይሆንልኝም። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፦ ከሸክላ መርፌ የሚወጣው ድምፅ ከሹክሹክታ ያነሰ ነው። አምፕሊፋየሩ ያንን ሹክሹክታ በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። በመንገድ ላይ ከመብራት ሽቦ፣ ከፍሪጅ፣ ከስልክ ቻርጀር የተጠጋው ሁሉ አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ሹክሹክታው ዙሪያውን እንደ ቅርጫት በተጠለፈ ሽቦ ታጅቦ መሄድ አለበት። የእኔው ገመድ አጃቢ አልነበረውም።

ሳሊሃ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ አብረን ሄድን። ሳሊሃ ጋሽ ብሩን ከሩቅ ስታያቸው የመደርደሪያውን መስታወት ዘጋች።

«ሳሊሃ፣ ቀይና ነጩን ገመድ እስቲ አሳዪኝ።»

«ለማየት ነው ለመቁረጥ?»

«ሳይቆረጥ እንዴት ይታያል?»

«ሐብሐብ መሰለዎት እንዴ ጋሽ ብሩ! ሌላው ሰው ከላይ አይቶ ይገዛል።»

«ሌላው ሰው ቤት ሄደሽ ስሚ እንግዲህ፣ ሲጮህበት።»

ሳሊሃ አምስት ዓይነት አወጣች። እየቆረጡ ጣሉ፣ እሷም እየተሳደበች ለቀመች። አምስተኛው ከታች፣ ከአቧራ ሥር የወጣ፣ ግራጫ፣ ቀጭን፣ የሚያስጠላ ነበር። ሲቆርጡት ጥልፉ ጥቅጥቅ ብሎ ታየ። ጋሽ ብሩ ፈገግ አሉ። «አያምርም። በጣም ጥሩ።» እኔ ማጫወቻውን መደርደሪያው ላይ፣ አምፕሊፋየሩን ጠረጴዛው ላይ ማድረግ ስለፈለግሁ ሦስት ሜትር እንዲሆን ጠየቅሁ።

«ሦስት ሜትር ላም ልታስሪበት ነው? አንድ ሜትር ይበቃል። ሹክሹክታ ሲርቅ ወሬ ይሆናል።»

ቅዳሜ ጠዋት ቤት መጡ። ጋሽ ብሩ ሶዶ ተወልደው ወላይትኛን ከእኔ አሳምረው ይናገራሉ፤ እናቴ ግን ባለሙያ የሚናገረው አማርኛ ነው ብላ ስለምታምን በአማርኛ ነው የምታነጋግራቸው። የእናቴ አማርኛ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም።

«ቤዛዊት! ብሩ መጣች!» ብላ ጮኸች።

«መጣሁ እትዬ አልጋነሽ» አሉ ጋሽ ብሩ ቅር ሳይላቸው። አዲሱን ገመድ ሰኩ። ዝዝዝታው ጠፋ፤ እምምታው ግን እንዳለ ነው። ቴስተራቸውን ሶኬቱ ውስጥ ከተቱ፣ አወጡ፣ እንደገና ከተቱ። ከዚያ በእናቴ ፊት፣ ሞት እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«መሬት የለሽም» አሉኝ።

ይህን የሚሉት ለእኔ ነው። የከተማውን ግማሽ ይዞታ በተራ ቁጥር ለማውቀው ለእኔ። «ይቅርታ ጋሽ ብሩ፣ መሬት አለን። ሁለት መቶ ካሬ ሜትር፣ በአባቴ ስም» አልኩ። እናቴ ይህን ጊዜ ቁም ሣጥኑን ከፍታ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ካርታ እያመጣች ነበር።

«ኧረ የሶኬቱን ነው የምለው! ኧርዙን!»

«ሶኬት መሬት ለምን ይፈልጋል?» አለች እናቴ ካርታውን ደረቷ ላይ ይዛ። «ልታርስ ነው?»

ጋሽ ብሩ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አስረዷት። ሦስተኛዋ የሶኬት ቀዳዳ ከአፈር ጋር መገናኘት ነበረባት፤ የእኛዋ ግድግዳው ውስጥ ገብታ የትም ሳትደርስ ቀርታለች። «መሄጃ ያጣ ኤሌክትሪክ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እትዬ አልጋነሽ። ዕቃው ላይ ሆኖ ያንጎራጉራል። መሄጃ ከሰጡት ዝም ይላል።» እናቴ ካርታውን ቀስ ብላ መልሳ ጠቀለለች። ከጥቅምት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ምን ሲያንጎራጉር እንደከረመ ለእሷ ማስረዳት አላስፈለገም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ብሩ ቁመታቸውን የሚያህል የመዳብ ዘንግ፣ መዶሻና አንድ ኪሎ ጨው ይዘው መጡ። ከሰሉን ከእናቴ ወሰዱ፤ ዘንጉ ዙሪያ ከጨው ጋር ተደርጎ ውሃ ሲጠጣ አፈሩ ኤሌክትሪኩን ይቀበላል አሉ። ቦታ የመረጡት አቮካዶው ሥር፣ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ የሚፈስበት እርጥብ ቦታ ነው። እርጥብነቱ ጥሩ ነበር። ጉድለቱ ለአጥሩ መቅረቡ ነው።

መዶሻው ሦስቴ እንደጮኸ የጎረቤታችን የአቶ አማረ ራስ ከአጥሩ በላይ ወጣ። አቶ አማረ ከጎጃም ተመድበው መጥተው፣ ጡረታ ወጥተው እዚሁ የቀሩ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

ጋሽ ብሩ ቀና ሳይሉ፣ እውነቱን ተናገሩ። «መሬት እያስያዝኩ ነው።»

በዚህች ቃል የተነሳ የተከፈቱትን መዝገቦች ቁጥር እኔ አውቃለሁ። አቶ አማረ ጠፉ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ሜትር፣ በሌላው ካርታቸውን ይዘው፣ በበራችን ነው የገቡት።

«ቤዛዊት! አንቺ እንኳ? መዝገቡ እጅሽ ላይ ሆኖ በቅዳሜ ችካል ትተክያለሽ?»

«ኧረ አቶ አማረ፣ ለሸክላ ነው!» አልኩ ደንግጬ።

«ጭራሽ አፈሩን ልታወጡት ነው? ለማን ነው የምትሸጡት?»

«የእርስዎን አንድ ጣት አልነካሁም» አሉ ጋሽ ብሩ ላባቸውን እየጠረጉ። «እኔ የምይዘው ወደ ታች ነው።»

«ወደ ታችማ የመንግሥት ነው!»

በሕግ ትክክል ናቸው፤ ይህን መካድ አልችልም። ሜትሩን ተቀብዬ ለካሁ። ዘንጉ ከወሰኑ በእኛ በኩል አርባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገብቷል። አቶ አማረ ራሳቸው ደግመው ለኩ፣ አርባ ሦስት አገኙ፣ በአንዷ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ተከራከርን። ከዚያ የነገሩን ምክንያት ነገርኳቸው። ካርታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ጋሽ ብሩ ሲመቱ ዘንጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

ከሰዓት ሁሉም ነገር ተገናኘ። ጋሽ ብሩ ድምፁን ከፈቱ።

እምምምምም። እጥፍ ሆኖ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ማን ነው ይሄን የነካው?» ይሉ ነበር። የነኩት ራሳቸው ናቸው። እናቴ ጎዳሬ በዳጣ አቅርባ «ብዪ እንጂ» ብትላቸው አንድ ጉርሻ አልነኩም። ዕቃቸውን ሰብስበው፣ ደህና ዋሉም ሳይሉ ሄዱ። ሰኞ ሱቃቸው ተዘግቶ ዋለ። ሳሊሃ እንኳ «ምን አደረጋችኋቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ማክሰኞ ስሄድ ካርቶን ላይ የቤቴን ገመዶች ስለው አፍጥጠውበት አገኘኋቸው። እኔም አፈጠጥኩ። ከማጫወቻው አንድ ሽቦ ወጥቶ ወደ መዳቡ ዘንግ ይሄዳል። ከአምፕሊፋየሩ ሌላ ሽቦ ወጥቶ ወደ ውሃው ቧንቧ ይሄዳል፤ ቧንቧውም አፈር ውስጥ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች ደግሞ በግራጫው ገመድ ተያይዘዋል። ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው እሳቸው የነገሩኝን ብቻ ነው፤ ይህን ሥዕል ግን ቢሮ ውስጥ አየዋለሁ።

«ጋሽ ብሩ፣ ይሄ እኮ ድርብ ካርታ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«አንድ ይዞታ፣ ሁለት ካርታ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሁለቱ ሰዎች በመሐል ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው ካርታ እስኪመክን፣ ማለትም እስኪሰረዝ፣ ጭቅጭቁ አይቆምም።»

ጋሽ ብሩ ካርቶኑን አዩ፣ እኔን አዩ። እርሳስ አንስተው የቧንቧውን መስመር ሰረዙት። «ለእምምታው ዞሮ መግቢያ ሰጥቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «መከነ!» እርሳሱን አስቀምጠው ደግሞ፦ «ይሄን እኮ አውቀዋለሁ። በአንድ ቦታ ብቻ ይታሰር እያልኩ ለስንቱ ሰው ተናግሬያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ለአባትሽ ነዋ። ሁለት ይሁንላቸው ብዬ ነው።»

እርሳሱን አንስቼ የተሰረዘውን መስመር ደግሜ ሰረዝኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የማጫወቻውን ቀጭን የኧርዝ ሽቦ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለችው ብሎን ሥር አሰሩት። ከዚያችው ብሎን አንድ ሽቦ፣ አንድ ብቻ፣ ወደ ዘንጉ ወጣ። ግራጫው ገመድ ከመብራቱ ሽቦ ጎን ለጎን ተኝቶ ነበር፤ አለያዩት፣ መገናኘት ግድ የሆነበት ቦታ ላይ እንዲሻገረው ብቻ አደረጉ። መርፌዋን ሳያስቀምጡ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈቱ። አቮካዶው ላይ ያለች ወፍ ተሰማችን።

ሸክላዋን አስቀመጥኩ። ዘጠኝ ወጣቶች በወላይትኛ እየዘመሩ ገቡ፣ በጣም ቅርብ ሆነው፣ አንዱ አፍንጫው ተደፍኗል። መሐል ላይ ዝም ማለት ጀመሩ። ከመሐላቸው ሁለቱ ገና ሳይጨርሱ አባቴ ገባ። ወፍራም ድምፅ ነው፣ ገና አባት ያልሆነ። ተሳስቶ ቀድሞ እንደገባ ገብቶታል፤ ለማስተካከል ሁለተኛዋን ቃል ጎተታት፣ ከኋላው አንድ ሰው ሳቁን ሲውጥ ይሰማል። አራት ቃል ነው። ከዚያ ሁሉም ተመለሱና ሸፈኑት።

እናቴ ወደ ጋሽ ብሩ ዞረች። ስለ ባሏ ባለሙያው እንዲያውቁ የፈለገችውን በአማርኛ ተናገረች። «ቸኮለች» አለች። «ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ቤተ ክርስቲያንም ትቀድማለች፣ ምግብም ትቀድማለች።» ከዚያ ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች። ጋሽ ብሩ ወደ ስፒከሮቹ አንገታቸውን አላዘነበሉም። ጫማቸውን ነበር የሚያዩት።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር አለፈው። ባለፈው ሐሙስ ስልክ ደወልኩላቸው። «ጋሽ ብሩ፣ በግራ በኩል ትንሽ እምምም ይላል» አልኩ። ምንም አይልም። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ያልነበረ ነገር መዝግቤ አላውቅም፤ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሱ። እናቴ ወንበሯን ሳበች። ሸክላዋ ዞረች፣ አባቴ ቸኩሎ ገባ፣ ቃሏን ጎተታት፣ ሳቁ ተዋጠ። ጋሽ ብሩ ከግራው ስፒከር አጠገብ በርከክ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ያ ጆሮ ተሳስቶ አያውቅም።

«አዎ፣ አለ» አሉ ሲነሱ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «በጣም ትንሽ ነው። በየሳምንቱ እየመጣሁ ባየው ይሻላል።»